ከአሮጌ ሞረድ እስከ ዒድ ካራ፦ በጣና ዙሪያ የቀጥቃጮች ታሪክና የብረት ጥንካሬ ምስጢር



ዒድ አል-አድሓ ሲቃረብ ስለ በጉና ስለ በሬው ብዙ እንጠያየቃለን። ዕድሜው ደርሷል ወይ? እንከን የለበትም ወይ? ዘንድሮ ዋጋው ስንት ገባ? ስለሚያርደው ካራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው በግ ላይ ሲደርስ የደነዘ ቢላዋ ይዞ ጎረቤት ለጎረቤት «ሞረድ አላችሁ?» እያለ የሚሯሯጥ ሰው ያላየ ከመካከላችን የለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ የሚያርድ ሰውም ስለቱን እንዲያሰላና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ማዘዛቸውን ሙስሊም በሶሒሓቸው ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ስለዚህ የካራ ስለት የዲናችን ጉዳይ ነው።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ካራ የሚያውቁ አዛውንቶች ከሱቅ የተገዛውን የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ሳይሆን ቀጥቃጭ ከአሮጌ ሞረድ የሠራውን ይመርጣሉ። ለምን? መልሱ ስለ ብረት ብቻ አይደለም። ብረቱን ስለሠሩት እጆች፣ እነዚያ እጆች ስለደረሰባቸው ንቀትና እኛም ከዚህ ታሪክ ልንወስደው ስለሚገባን ትምህርት ጭምር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን እንመለከታለን፣ ኢንሻአላህ።

▪️ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም

ሞረድ ሌላውን ብረት የሚበላ ብረት ነው። ብረትን ለመብላት ደግሞ ከሚበላው ብረት በላይ መጠጠር አለበት። ምስጢሩ ካርቦን ነው። ጥሩ ሞረድ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን አለው። ለቤት ግንባታ የምንጠቀምበት ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሩብ ያህል ብቻ ነው ያለው። ፌሮውን አግለህ ውሃ ውስጥ ብትነክረው ያን ያህል አይጠጥርም፤ ቢላዋ ብታደርገው ሽንኩርት ይቆርጥልህ ይሆናል፣ በማግሥቱ ግን ይደነዝዛል። የመኪና ባሌስትራ ከፌሮ ይሻላል፤ ለመጥረቢያና ለገጀራ ጥሩ ነው። ሞረድ ደግሞ ስሉን ለረጅም ጊዜ ለሚይዝ ካራ ይመረጣል።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖረው ታላቁ ሙስሊም ፈላስፋ አል-ኪንዲ ስለ ሰይፍ ዓይነቶች ለኸሊፋው አል-ሙዕተሲም በጻፈው ድርሳን ከማዕድን የሚወጣውን ብረት «ወንድ» እና «ሴት» በማለት ለሁለት ከፍሎታል። «ወንድ» የተባለው ጠጣሩ ነው፤ ሲግልና ሲነከር ይጠነክራል። «ሴት» የተባለው ለስላሳው ሲሆን ቢነከርም አይጠነክርም። ከእነዚህ ሌላ በሰው እጅ የሚዘጋጀውን ምርጡን ብረት ለብቻው ጠቅሶታል። ካርቦን የሚለው ስም ገና ባልታወቀበት ዘመን ሙስሊም ሊቃውንት ውጤቱን በዓይናቸው አይተው መለየት ችለው ነበር።

በሀገራችን ቀጥቃጮች ለብዙ መቶ ዓመታት ብረት የሚያገኙት የብረት አፈርን በከሰል እሳት በማቅለጥ ነበር። ከፍየል ቆዳ የተሠሩ ሁለት ወናፎች፣ ከሸክላ የተሠራ የአየር ማስተላለፊያ፣ ብዙ ከሰልና ብዙ ጉልበት ይጠይቅ ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኘው ብረት በአብዛኛው አል-ኪንዲ «ሴት» ያለው ዓይነት ነው። የማረሻው ጫፍ ቶሎ የሚያልቀው፣ ገበሬውም በየክረምቱ ቀጥቃጭ ደጅ የሚጠናው ለዚህ ነበር።

ጠጣሩ ብረት በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር። በአማርኛ ካርቦን ያለውን ጠንካራ ብረት እስከ ዛሬ ምን ብለን ነው የምንጠራው? «አረብ ብረት» አይደል? ቃሉ ራሱ መንገዱን ይጠቁመናል። ለከፍተኛው ምድር ብዙ ዕቃ የሚገባው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ነበር፤ ከጎንደር እስከ ምጽዋ፣ ከጎንደር እስከ መተማና ሱዳን ያለውን የቅፍለት ንግድ በዋናነት ይዘውት የነበሩት ደግሞ የጀበርቲ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሀገራችን መኳንንት ወገብ ላይ ከሚታዩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ ነበር። እጀታውንና ሰገባውን የሀገር ባለሙያ ይሠራዋል፣ ስለቱ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

የፋብሪካ ሞረድ በብዛት ሲገባ ለቀጥቃጩ አዲስ በር ተከፈተ። በከተማችን በባሕር ዳር በ1950ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ሥራ ጀመረ። የብረታ ብረት ወርክሾፕና ጋራዥ ባለበት ሁሉ ሞረድ አለ፤ ሞረድ ባለበት ደግሞ ጥርሱ አልቆ የሚጣል ሞረድ አለ። ለጋራዡ ቆሻሻ የሆነው ነገር ለቀጥቃጩ አባቶቹ ያላገኙት «አረብ ብረት» ነበር።

▪️ ያረሱበት፣ ግን የናቁት እጅ

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንምጣ። ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም፣ ሴት ያለ ቢላዋ ወጥ አትሠራም፣ ወታደር ያለ ጦር አይዘምትም። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተባለ። ልጁን የሚያገባ፣ ማዕዱን የሚጋራ ጠፋ። «ጠይብ» የሚለው ስም ብልህና ዐዋቂ ማለት ከሆነው «ጠቢብ» ጋር ዘመድ ነው፤ ሕዝቡ ግን ስድብ አደረገው።

በጎንደርና በጣና ሰሜናዊ ዙሪያ ብረት በመቀጥቀጥ ይታወቁ የነበሩት በዋናነት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሙስሊሞች ደግሞ በሽመናና በንግድ። ይህ የሥራ ክፍፍል እንዲሁ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤላውያንም ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በጎንደር የሙስሊሞቹ ሰፈር «እስላም ቤት» ተባለ። በዚያን ጊዜ በነበረው ሥርዓት ሙስሊሙ በአብዛኛው የመሬት ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው ምን ይበላል? በእጁ ሠርቶ ወይም ነግዶ ነው። ከመሬት የተከለከለው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ነጋዴ ሆነ፤ ከዚያም በያዘው ሥራ ተናቀ።

ጣና ዳር የሚኖሩትን ነገደ ወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችንንም እንመልከት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አካባቢ ሲመጣ ጉማሬ የሚያድኑ የሐይቁ ሰዎች ሆነው አግኝቷቸዋል። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ታንኳቸው ሲፈለግ ይጠራሉ፣ ድግስ ሲሆን ይረሳሉ። የንቀቱ ስም ይለያይ እንጂ ንቀቱ አንድ ነው።

ነገሥታቱ የባለሙያን ጥቅም አልሳቱትም። አፄ ቴዎድሮስ ከጣና በስተ ምሥራቅ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን አሰባስበው መድፍ አስቀልጠዋል። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው «ሴባስቶፖል» እ.ኤ.አ. በ1868 በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ለአንድ መድፍ መንገድ ተቆፈረለት፤ ማረሻ ለሚሠራው የሀገር ቀጥቃጭ ግን የክብር መንገድ አልተከፈተለትም። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ጸሐፊውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መውጣቱ ችግሩ ምን ያህል ስር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አዋጅ አፍን ይዘጋል፣ ልብን ግን በአንድ ቀን አይቀይርም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከሄዱት ጋር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የብረት ዕውቀትም አብሮ ሄደ። ሲናቅ የኖረ እጅ ዋጋው የሚታወቀው ሲታጣ ነው።

▪️ «ቡዳ» እና ሙስሊሙ

ይህ ንቀት በሙስሊሙ መንደርም አለ። ሶላት አንድ ሶፍ ላይ አብሮት የሚቆመውን ሰው ቤተሰቡ ቀጥቃጭ ስለሆነ ብቻ ልጁን የሚከለክለው ሰው ጥቂት አይደለም። ማስረጃ ሲጠየቅ «ዓይን ሐቅ ነው» የሚለውን ሐዲስ ያነሳል።

አዎ፣ ዓይን ሐቅ መሆኑ በሐዲስ የጸና ነው። ግን ሐዲሱ ዓይንን ከብረት ሥራ ጋር ወይም ከዘር ጋር አያይዟል? በፍጹም! ሰህል ኢብኑ ሑነይፍ (ረ.ዐ) ሲታጠቡ ዓይን የነካቸው ማን ነበሩ? ታላቁ ሶሐባ ዓሚር ኢብኑ ረቢዓህ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ጋር ወደ ሀገራችን ሐበሻ የተሰደዱት። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለምን በበረካ ዱዓ እንዳላደረጉ ገሠጿቸው፣ እንዲታጠቡም አዘዟቸው። ዘራቸውን አላነወሩም፣ ከጀመዓው አላገለሏቸውም። ዓይን ከማንኛችንም ሊወጣ ይችላል፤ መድኃኒቱም ያው ለሁላችንም አንድ ነው። ቀጥቃጭን ብቻ ለይቶ «ቡዳ» ማለት ከጃሂሊያ የተረፈ ነገር ነው።

በዐረቡ ዘንድም ቢሆን ቀጥቃጭ የተናቀ ነበር። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) በመካ ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ጥቂቶች አንዱ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ለቁረይሹ ባለጸጋ ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሠርተውለት ዋጋቸውን ሲጠይቁ «በሙሐመድ ካልካድክ አልከፍልህም» አላቸው። እሳቸውም እሱ ሞቶ እስኪቀሰቀስ ድረስ እንኳ እንደማይክዱ መለሱለት። ሰውየው ተሳለቀ፦ «እንግዲያውስ ስቀሰቀስ ሀብትም ልጅም ይኖረኛልና ያኔ እከፍልሃለሁ» አለ። በዚህ ምክንያት በሱረቱ መርየም ውስጥ አንቀጾች ወረዱ። አስቡት፦ ሠርቶ ዋጋውን የተነፈገ አንድ ቀጥቃጭ፣ ጉዳዩ ከሰባት ሰማያት በላይ መልስ አገኘ። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ጠላቶቻቸው በፍም ላይ አስተኝተዋቸው ነበር፤ የጀርባቸውን ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ለዑመር (ረ.ዐ) አሳይተዋል።

በመዲናም የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ጡት ይጠባ የነበረው የት ነበር? በቀጥቃጩ በአቡ ሰይፍ ቤት። አነስ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ አቡ ሰይፍ ወናፉን እየነፋ፣ ቤቱም በጭስ ተሞልቶ ነበር። አነስ ቀድመው ሮጠው ወናፉን እንዲያቆም ነገሩት። ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ልጃቸውን ለማቀፍ የገቡት ጭስ ወደሞላበት የቀጥቃጭ ቤት ነው። እኛ ታዲያ ማን ሆነን ነው የምንጸየፈው?

ቁርኣንም ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እንደለዘበላቸው፣ ጥሩር እንዲሠሩና ሰንሰለቱን እንዲመጥኑ እንደታዘዙ በሱረቱ ሰበእ ይነግረናል። መመጠን የሚለውን እዚህ ላይ ያዙልን፤ የብረት ሥራ ሁሉ መመጠን ነውና።

▪️ ከሞረድ ወደ ካራ፦ ልኩን ማግኘት

ሞረድን ስሎ እንዲሁ ካራ ማድረግ ለምን አይቻልም? ሞረድ ከልክ በላይ ጠጣር ነው። በሮክዌል መለኪያ ከ60 በላይ፣ አንዳንዱም እስከ 65 ይደርሳል። ድንጋይ ላይ ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ አጥንት ሲነካ ስሉ ይሸረፋል። ለካራ ከ57 እስከ 61 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ቀጥቃጩ በመጀመሪያ ጥንካሬውን ያወጣለታል፣ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ጥንካሬውን መልሶ በልኩ ይሰጠዋል።

አንደኛ፣ መለየት። አንዳንድ ርካሽ ሞረድ ላዩ ብቻ ነው ጠጣር፤ ውስጡ ተራ ብረት ነው። ጫፉን ሰብሮ ማየት ይበጃል። የስብራቱ ፊት ከዳር እስከ መሐል ደቃቅና አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ዳሩና መሐሉ ከተለያየ ይጣል። ግራይንደር ላይ ሲነካም ጥሩ ሞረድ እንደ አበባ የሚፈነዳ ብዙ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ተራ ብረት ረጃጅምና ጥቂት መስመር ነው የሚያወጣው።

ሁለተኛ፣ ማለስለስ። ሞረዱ በከሰል እሳት እስኪቀላ ይግላል፣ ከዚያ በደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ይለሰልሳል። በማግሥቱ ሌላ ሞረድ ሲበላው መለስለሱ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ቅርጽ ማውጣት። የሞረዱ ጥርሶች ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለባቸው። ለጌጥ ብሎ ስሉ አጠገብ የሚተዋቸው አለ፤ እያንዳንዱ የጥርስ ስር ግን በኋላ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ስሉም በዚህ ጊዜ አይቀጥንም፤ የሳንቲም ውፍረት ያህል ይተውለታል። ከቀጠነ ሲነከር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

አራተኛ፣ ማጠንከር። የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲግል ይደረጋል። የጋለ ብረትን ቀለም የፀሐይ ብርሃን ያታልላል፤ ብዙ ቀጥቃጮች ጥላ ውስጥ የሚሠሩት ለዚህ ነው። አሳሳች ያልሆነው መለያ ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ብቻ ጨምሮ ወዲያው ለብ ባለ ዘይት ውስጥ በስለቱ አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ መንከር ነው። ወደ ጎን ካወዛወዙት ይጣመማል። ውሃ ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው ይህን ያህል ካርቦን ያለውን ስስ ስለት ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። ከሚገባው በላይ ካጋሉትም የብረቱ ቅንጣት ይሻክርና ካራው ተሰባሪ ይሆናል። የዘይቱ ዕቃ ብረት ይሁን፣ ክዳን አጠገቡ ይኑር፤ ዘይት ይቀጣጠላልና።

አምስተኛ፣ መፈተን። ጥሩ ሞረድ ስሉ ላይ ሲሄድ መስታወት ላይ እንዳለ ካንሸራተተ ጠንክሯል። ከበላው አልጠነከረም፤ እንደገና ይጋል።

ስድስተኛ፣ ማለዘብ። አሁን ካራው ጠጣር ግን ተሰባሪ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ማሳደር አይገባም። ላዩ እስኪያብረቀርቅ ይጠረግና በዝግታ ከጀርባው በኩል ይሞቃል። ብረቱ ላይ ቀለም ሲሮጥ ይታያል፦ በመጀመሪያ የጤፍ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ለማረጃ ካራ ስሉ የገለባ ቀለም ላይ፣ ማለትም ከ210 እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቆማል። ጀርባው ወደ ሰማያዊ ቢሄድ መልካም ነው፤ ስሉ ጠጣር፣ ጀርባው ታዛዥ ይሆናል። ስሉ ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን አልፏል፤ ለካራ ለስልሷል። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ያለው ሰው በ200 ዲግሪ ሁለት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት ቢያቆየው የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ ለሁላችሁም! ይህን ሁሉ ልፋት በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋው ግራይንደር ነው። የዒድ ዋዜማ ካራችሁን ግራይንደር ላይ አስስላችሁ ስሉ ሰማያዊ ሆኖ ከተመለሰ ጥንካሬው ከላዩ ሄዷል፤ የሚደነዝዘውም ለዚህ ነው። በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚስል ሰው ፈልጉ፣ ወይም በድንጋይ ራሳችሁ ሳሉት። ስትስሉም እንስሳው እያየ አይሁን፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ነቅፈዋል።

▪️ ዛሬስ?

ውድ ወጣቶች፣ ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ የሌለው ምሩቅ ብዙ ነው፤ ጋራዥ ጥግ የሚዝገው ሞረድም ብዙ ነው። የአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት በባለሙያ እጅ ምን ያህል ሰው እንደሚያበላ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ በልቶ እንደማያውቅ፣ ነብዩ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ተነግሮናል።

ሁላችሁም ቀጥቃጭ ሁኑ አንልም። ግን ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ በሰፈራችሁ የቀሩትን ቀጥቃጭ አባቶች ሂዱና ጠይቋቸው፤ ቀለሙን በዓይናቸው፣ ሙቀቱን በልምዳቸው የሚያውቁ ሰዎች ካለፉ በኋላ ማንም መልሶ አያመጣቸውም። ሁለተኛ፣ ለቀጣዩ ዒድ ካራ ስትፈልጉ ከእነሱ ግዙ፤ ዋጋውንም አታራክሱ። የቀጥቃጭን ዋጋ መንፈግ የማን ሥራ እንደነበር ከላይ አይተናል። ሦስተኛ፣ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡ። የኒካሕ ጥያቄ ሲመጣም ስለ ዲኑና ስለ አኽላቁ ጠይቁ እንጂ አያቱ ወናፍ ነፍቶ እንደሆነ አትጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን፣ የባለሙያዎቻችንን እጅ ይባርክ፣ ከጃሂሊያ ቅሪትም ልባችንን ያጥራልን። አሚን።

ጽሑፉ ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ለሌሎችም አጋሩት። በአካባቢያችሁ ስለምታውቋቸው የእጅ ባለሙያዎች በአስተያየት መስጫው ጻፉልን።